ሕፃን ያልነካው መጠቅለያ

ምሥራች! «ምሥር ብላ» የምትሉበትን አፍ አዘጋጁልኝ፤ የጠፋው መጠቅለያ ተገኘ! መገኘት ብቻ መሰላችሁ? ሕፃን ሳይነካ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይዘረጋ፣ እንደታጠፈ ነው የተገኘው። እሰይ! እሰይ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል!

የምን መጠቅለያ፣ የማን ሕፃን ማለታችሁ አይቀርም። እውነታችሁን ነው፤ ደስታ ነገርን ከጅራቱ ያስይዛል። እንግዲህ ወደ ራሱ ልመለስና የምሥራቹ የማን እንደሆነ ልናገር፦ የእትዬ ሳሙና ነው።

እትዬ ሳሙና የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ ናት። «ናቸው» ማለት ይገባኝ ነበር፤ ግን አንቱ ያላትን ሰው «ምነው፣ መቼ ተጣላን?» ብላ ታሳፍረዋለች። የመዝገብ ስሟን የሚያስታውስ የለም። ከድንገተኛ ክፍሉ ጀርባ፣ ግድግዳው በእንፋሎት ሲያልበው የሚውል አንድ ረጅም ክፍል አለ፤ በአንዱ ጫፍ ትልልቅ ማጠቢያ ማሽኖች ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማሉ፣ በሌላው ጫፍ አንድ ሰውዬ ካውያ ይዞ ይቆማል፣ መሃል ላይ የሲሚንቶ ገንዳ አለ። ገንዳው የእሷ ነው። አንሶላና የሐኪም ጋውን ለማሽን፤ የሰው የራሱ ልብስና የሕፃናት መጠቅለያ ለእጅ። «ማሽን ርኅራኄ የለውም» ትላለች።

ድንገተኛ ክፍል የሚገባ ሰው ልብሱን በወግ አያወልቅም፤ በመቀስ ነው የሚቀደድለት። የተቀደደው፣ ደም የነካው፣ ጭቃ የበላው ሁሉ በጥቁር ፌስታል ይታሰርና ከኋላ በር አጠገብ፣ ግድግዳው ጥግ ይቀመጣል። ሌላ ቦታ ቢሆን ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ማቃጠያ ነው። እዚህ ግን እትዬ ሳሙና አለች። ፌስታሉን ታነሳለች፣ ታጥባለች፣ ቅዱን ትጠግናለች፣ አጥፋ ከባለቤቱ ራስጌ ታስቀምጣለች። ማንም አላዘዛትም። «ሰው በገባበት ልብስ ይውጣ» ባይ ናት። «በሆስፒታል ፒጃማ ቤቱ የሚገባ ሰው ግማሹ እዚሁ ቀርቷል።» ድኖ የወጣ ይመርቃታል። ያልዳነም ቢሆን፣ ቤተሰቡ አቅፎት የሚያለቅሰው ነገር አያጣም።

ጓንት አትወድም። «በጓንት ያጠበ ሰው እድፉን አያውቀውም፤ እድፍ የሚታየው በጣት ነው» ትላለች። ጣቶቿ ታዲያ ከሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቀው ዝናብ የናፈቀው መሬት መስለዋል። ያ ካውያ ይዞ የሚቆመው ሰውዬ፣ ሁሉም ባለካውያው ነው የሚለው፣ በዚህ ነገር ሲነዘንዛት ኖሯል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሆስፒታሉ ጓንት የሚገዛው ለጌጥ ነው?»

«አንተ አጥልቀው። የአንተ እጅ የሙሽራ እጅ ነው፣ ይበላሽብሃል።»

«እኔ የምፈራው አንድ ቀን ቆዳሽ ተገፎ ከአንሶላ ጋር እንዳልተኩሰው ነው።»

«ተኩሰህ አጥፈህ መልስልኛ! መቼም እንደ ምላስህ መጨማደድ አይችልም።»

የሚዋደዱ ሰዎች ንግግር ነው። ያልለመደ ሰው ግን ሽማግሌ ሊጠራላቸው ይሮጣል።

ጣጣው የመጣው ከትናንት ወዲያ ረፋድ ላይ ነው። ከከተማው ዳር ካለ መጋዘን የሰብል ፀረ ተባይ ሲያወርዱ በርሜል ወድቆ ፈነዳባቸው የተባሉ ሦስት ጫኝና አውራጆች በፒክአፕ ጀርባ ተጭነው መጡ። የድንገተኛ ክፍሉን የምትመራው ነርስ፣ ሲስተር ነው የምንላት፣ መኪናው በሩን ሳይጠጋ ሁለት እጇን ዘርግታ መንገዱ ላይ ቆመች።

«ቆይ! እንዳትገባ! ነፋሱ ከወዴት ነው የሚመጣው? በዚያ በኩል ዙር!»

«ሰው እየሞተ ነው እኮ፣ ሲስተር!» አለ ሹፌሩ።

«እንደዚህ ይዘኸው ከገባህ ሐኪሙም አብሮ ይወድቃል፤ ከዚያ ማን ሊያክመው ነው? አንተም ውረድና ልብስህን አውልቅ። ምን ታፈጥብኛለህ፣ አውልቅ አልኩ!»

እትዬ ሳሙና በመስኮቷ ሆና ሁሉንም አየች። የድንገተኛ ክፍሉ ሰዎች ረጅም የጎማ ሽርጥ ታጥቀው፣ እስከ ክንድ የሚደርስ ጓንት አጥልቀው፣ ፊታቸውን ሸፍነው በግቢው ጥግ መጋረጃ ዘረጉ። የሰዎቹን ልብስ በጭንቅላታቸው በኩል አላወለቁም፤ በመቀስ ከፊት ለፊት ሰንጥቀው እንደ ቅርፊት ወደ ኋላ ጣሉት። ከዚያ የውሃ ጎማና ሳሙና፣ ከጸጉር እስከ ጥፍር፣ ከጆሮ ጀርባ እስከ ጣት መሃል። ሰዎቹ አፋቸው አረፋ ይደፍቃል፣ ሥጋቸው እየዘለለ ይንቀጠቀጣል። ታጥበው ካበቁ በኋላ ነው ወደ ውስጥ የገቡት።

«ወይ ጉድ! ሕመምተኛን እንደ ሽንኩርት ልጦ ማጠብ!» አለች።

«መርዙ ቆዳ ላይ ነው ያለው አሉ። ካልታጠበ መርፌውም አያድናቸውም አሉ» አለ ባለካውያው።

«ተመልከት እንግዲህ! ሐኪሙም መርፌውም ተሰልፈው ሳሙና እስኪጨርስ ሲጠብቁ!»

ይህን ያለችው በኩራት ነው። ኩራቷም ነው ያሳሳታት። ሳሙና ሰውዬውን ካጠራው ሸሚዙን ለማጥራት ምን ይሳነዋል? በእሷ ሒሳብ ነገሩ ያለቀለት ነበር።

እንዲህ ላለው ቀን ተብሎ የተቀመጠ ወፍራም ከረጢት ነበር። የመጀመሪያው ሰውዬ ልብስ ሞላውና ሌላ ታጣ። የቀረውን በተለመደው ጥቁር ፌስታል አሰሩት። የተሸከመውም ሰው «ለጊዜው» ብሎ በተለመደው ጥግ አኖረው። ሲስተር አነሳዋለሁ ብላ ሳታነሳው ወደ በሽተኞቿ ገባች፤ ለልብስ አጣቢዋ መንገር ለማንም ትዝ አላለውም። እትዬ ሳሙና ፌስታሏን በቦታው አገኘችው። እንደ ሁልጊዜው አነሳችው።

ሲፈታ ነጭ ሽንኩርትና ነዳጅ አንድ ላይ የተቀቀለ የመሰለ ሽታ መጣ። ከውስጡ አንድ ጃኬት ወጣ። ኪሱ ተቀዶ ያውቅና በቀይ ክር ተሰፍቷል፤ ስፌቱ ሥርዓት የያዘ ነው፣ አንዷ በፍቅር ተቀምጣ የሰፋችው። «ይህቺስ ሚስት ነች» አለች ለራሷ። ገንዳው ውስጥ ስትነክረው ውሃው እንደ ወተት ነጣ። ደስ አላት፤ እድፉ የለቀቀ መሰላት። በባዶ እጇ አሸች፣ አሸች፣ ውሃውን ለቀቀች፣ ልብሱን ከጓሮ አሰጣች። ገንዳውን አንድ ጊዜ ለቅለቅ አደረገችና ከአራስ ክፍል የመጡትን የሕፃናት መጠቅለያዎች ነከረችበት። መጠቅለያ በእጅ ነው፤ ሕጓ ነው። ፀሐዩ የልብ አድርስ ስለነበር ቶሎ ደረቁ፤ ባለካውያው ከገመዱ አወረዳቸው፣ ተኮሳቸው፣ ከምሳ በፊት አቅፎ ወደ አራስ ክፍል ወሰዳቸው።

ከምሳ በኋላ አፍንጫዋ መንጠባጠብ ጀመረ።

«ጉንፋን ያዘሽ» አለ ባለካውያው።

«ዓይኔንም ያርገበግበኛል። ማን ሊመጣ ይሆን?»

«አለቃ። ከአለቃ ሌላ ማን ይመጣል?»

ልትስቅ ብላ ሆዷ ተኮማተረ። ላብ በጀርባዋ ወረደ። መብራቱን ለምን አጠፋህብኝ ልትለው ቀና ስትል መብራቱ በርቷል፤ ፀሐይም በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች። ለእሷ ብቻ በቀትር መሸባት። ከዚያ ምራቋ ሳትፈቅድለት በአገጯ ላይ ሲወርድ ተሰማት፤ የሦስቱ ሰዎች አፍ ድቅን አለባት። እጇን አየች። ገንዳውን አየች። ወደ ጓሮ ዞራ ገመዱን አየች፤ ጃኬቱ ተንጠልጥሏል፣ የመጠቅለያዎቹ ቦታ ባዶ ነው።

ስለ ራሷ ለመፍራት ጊዜ አላገኘችም። «መ…» አለች፤ ምላሷ እንደ እርጥብ ጨርቅ አፏ ውስጥ ተጠቀለለ። ገንዳው ጥግ ወደቀች።

ባለካውያው ካውያውን ጥሎ ተሸክሟት ሮጠ። ሲስተር ገና ከሩቁ የእትዬን አገጭና የዓይኗን ብሌን፣ የመርፌ ቀዳዳ አክላ የጠበበችውን ብሌን፣ አየችና ፊቷ አመድ መሰለ።

«ቆይ! እዚያው ቁም! እንዳትገባ! ወይኔ፣ ፌስታሉ! ወይኔ!»

መጋረጃው እንደገና ተዘረጋ። በዚህኛው ወገን እትዬ ሳሙናን፣ በዚያኛው ወገን ባለካውያውን ያዙ። መቀሱ ቀሚሷን ከደረቷ ጀምሮ ሲከፍት ሰማች። ስንቱን ቅድ የጠገነች ሴት፣ የራሷ ሲቀደድ ድምፁ ሌላ ሆነባት። ውሃው መጣ። ዕድሜዋን ሙሉ ስታጥብ የኖረችውን እጅ ሌሎች ሰዎች አንስተው ጣት በጣት፣ ስንጥቅ በስንጥቅ ያሹት ጀመር።

«ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማጥብሽ፣ እትዬ፣ አትፈሪ» ትላታለች ሲስተር።

ከመጋረጃው ወዲያ ባለካውያው ይጮሃል፦ «ሱሪዬን ተዉልኝ! ኧረ በረዶ ነው ውሃው! ሰው አይደለሁም እንዴ?»

እትዬ ሳሙና ክንዷን እንደምንም አንስታ ወደ ገመዱ ጠቆመች።

«ልብሱ ይቆይ፣ እትዬ። ሌላ ሰው ያወርደዋል።»

ደግማ ጠቆመች። አንዱ ነርስ ራሱን ነቀነቀ፤ «በዚህ ሰዓት እንኳ ሥራዋን ነው የምታስበው። ምን ዓይነት ሴት ናት!»

ምስጋና እንዲህ አቃጥሏት አያውቅም። ጨርቅ ወዳድ ናት ብለው ስለሚያውቋት ጨርቁን እንጂ ሕፃናቱን ማንም አላየላትም። መላ ሥጋዋ መዝለል ጀምሯል፤ መንቀጥቀጥ ነው ብለው እጇን ሊይዙባት ሲሉ በቀረላት አቅም ሁለት ክንዶቿን ደረቷ ላይ አጣመረችና ወዲያና ወዲህ አወዛወዘች። እናት ሕፃን ስታባብል እንደምታደርገው።

ባለካውያው ያን ጊዜ በአንሶላ ተጠቅልሎ ከመጋረጃው ጫፍ ራሱን አውጥቶ ነበር። አያት።

«መጠቅለያዎቹ! ሲስተር፣ የሕፃናት መጠቅለያዎቹ! እዚያው ገንዳ ውስጥ ነው የታጠቡት! በእነዚህ እጆቼ ነው ያደረስኳቸው!» ብሎ በአንሶላው ሊሮጥ ሲል ሁለት ሰው ያዘው። ሲስተር ወደ አራስ ክፍል ስልክ ስትደውል የእትዬ ሳሙና ክንዶች ወደቁ። መልእክቷ ደርሷል። ከዚያ በኋላ ያለውን ለጥቂት ጊዜ አታውቀውም።

ስትነቃ ፊቷ ላይ የኦክሲጅን ጭንብል ነበር። መርፌው በየጊዜው እየተደጋገመ ገብቶላት ያ ሁሉ ምራቅ ደርቆ ምላሷ አሸዋ ሆኗል፤ ልቧ እንደ አሮጌ ማሽን ይደልቃል። ሲስተር አጠገቧ ቆማለች። እትዬ ሳሙና በዓይኗ ጠየቀች።

«ሕፃናቱ ደህና ናቸው። ሁሉም ታጠቡ፣ ሐኪሙ አንድ በአንድ አያቸው፣ አንዳቸውም ምንም አልሆኑም። መጠቅለያውም ሁሉም ተሰብስቧል» አለች ሲስተር።

የመጨረሻዋን ስትናገር ዓይኗን ወደ መርፌው ሳህን አዞረች። እትዬ ሳሙና ደግሞ እድፍ ታውቃለች። አንሶላውን በጥፍሯ ያዘች። ዞራ በአጠገቧ አልጋ ወደተኛው ባለካውያው አየች፤ እሱም ለጥንቃቄ ተብሎ አስተኝተውት ነበር። ሲስተር እስክትወጣ ጠብቆ በክርኑ ተደገፈ።

«እንዳልዋሽሽ… አንድ ቀርቷል» አለ። «አንዷ አራስ ቀትር ላይ ልጇን ይዛ ወጥታለች። እኔ ካደረስኩት ውስጥ አንዱን አዋላጇ ለእሷ ሰጥታታለች። ስልኳ አይነሳም። የአምቡላንሱ ሹፌርና አዋላጇ ሰፈሯን እየጠየቁ ወጥተዋል።»

ቀልድ ሊጨምርበት አፉን ከፈተና ተወው።

ያን ቀን የሚመስል ቀን ለጠላትም አይስጥ። አንዴ ትነቃለች፣ አንዴ ትሰጥማለች፤ በነቃች ቁጥር ያው ነገር ደረቷ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ያቺ አራስ አሁን ልጇን ታቅፋ ትሆን? ትንሽ አፍንጫ፣ ትንሽ ሳንባ፣ ከዚያ በላይ ስስ ቆዳ። ላብ ሲያልበው ሙቀት ነው ብላ ትሆን? ዝም ሲል ተኛልኝ ብላ ትሆን? ባልነካቸውስ ኖሮ፣ ትላለች በልቧ፣ ማሽን ባጠባቸው ኖሮ፣ ርኅራኄ የሌለው ማሽን! ከመጋረጃው ማዶ ደግሞ የሴት ጩኸት ተሰማ፤ ከሦስቱ ሠራተኞች አንዱ አልሆነለትም። ጩኸቱ ሲበርድ ሴትዮዋ ስትለምን ሰማች፦ «ጃኬቱን እንኳ ስጡኝ። ኪሱን እኔ ነኝ የሰፋሁለት።» ሲስተር «አይቻልም፣ የኔ እህት፣ መርዝ ነው» ትላታለች። «ጃኬት ነው እንጂ!» ትላለች ያቺኛዋ። እትዬ ሳሙና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ለማንም ልብሱን ከልክላ አታውቅም ነበር።

ማግስቱንም ወሬ የለም። አራሷ የሰጠችው አድራሻ የድሮ ቤቷ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ ወደ ባሏ እናት ዘንድ ሄዳለች አሉ፤ የባሏ እናት ደግሞ ቤት ቀይራለች አሉ። የእትዬ ሳሙና ታላቅ እህት ከሩቅ መጥታ «ጠያቂ አይገባም» ተብላ ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ሐኪሙ መጥቶ ትንፋሽሽ እየተሻለ ነው ቢላት ለእሷ የጠላት ወሬ ያህል ነው፤ ቀድማ መዳኗ አሳፈራት። ያመጡላትን ሾርባ ከንፈሯ ላይ እንኳ አላስነካችም።

ዛሬ ጠዋት ነው እንግዲህ የአምቡላንሱ ድምፅ የተሰማው። በሽተኛ አልጫነም፤ ሹፌሩ በደስታ ነው የነፋው፣ ሲስተር ቆይታ ትቆጣዋለች። አዋላጇ እየሮጠች ገባች፤ ነገሩን በር ላይ ሰምቶ በባዶ እግሩ ወደ እትዬ ሳሙና አልጋ ቀድሞ የደረሰው ግን ባለካውያው ነው።

«ተገኘ! ስሚኝ፣ ተገኘ! ልጁ ደህና ነው፣ ጡት ይዞ ነው ያገኙት!»

ጭንብሉን ከፊቷ አወረደች። «መጠቅለያውስ?» ድምጿ እንደ ተቀደደ ቡሉኮ ነው።

ባለካውያው አፈረ። «እሱን… ሌላ ጊዜ ልንገርሽ።»

«አሁን ንገረኝ!»

«የባሏ እናት ልጁን ገና እዚሁ ሆስፒታል እያለ ነው የተቀበለችው። ‹የሆስፒታል ጨርቅ የልጅ ልጄን ገላ አይነካም› ብላ ከቤቷ ባመጣችው ጠቅልላዋለች። የእኛኑ ሳትዘረጋ በፌስታል አስራ፣ ለክትባት ስትመጣ ልትመልሰው ከቤት ውጭ ሚስማር ላይ ሰቅላዋለች። ደግሞም…» ጉሮሮውን ጠረገ፤ «‹የስንቱ ደም የታጠበበት እድፋም› ብላለች።»

ይህን ቃል በሌላ ቀን ያለ ሰው ከእትዬ ሳሙና አፍ በሰላም አይወጣም ነበር። ቅንድቧ ተነሣ።

«እድፋም? እኔ ያጠብኩትን?»

«አዎ።»

«እድፋም አለች?»

«አሁንም አዎ። እየተንቀጠቀጥሽ ልትጣዪኝ ነው?»

እጆቿን ፊቷ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ባለካውያው ደንግጦ ሲስተርን ሊጠራ ሲል ነው ማልቀሷ የገባው፣ ማልቀስና መሳቅ አንድ ላይ። «እግሯን ሳምልኝ» አለች በመጨረሻ። «ያቺን ሴትዮ ፈልገህ እግሯን ሳምልኝ። እድፋም ያለ አፏ ማር ይዝነብበት!»

ትንሽ ቆይታ ስለ ጃኬቱ ጠየቀች። ተወስዷል፣ ከእነ ፌስታሉ ሊቃጠል ነው ተባለች። ራሷን ነቀነቀችና፣ ኪሱን የሰፋችዋን ሴትዮ እያሰበች፣ ቀይ ክር እንዳለ ጠየቀች፤ ለምን እንደሆነ ለባለካውያው አልነገረችውም። እጇ ገና ይንቀጠቀጣል፤ መርፌ መያዝ መቻሏን ሐኪሙም አያውቅም። ሾርባው ሲመጣ ግን ማንኪያውን ራሷ ያዘች፤ ግማሹን ደረቷ ላይ፣ ግማሹን አፏ ውስጥ አደረገችው።

በሉ እንግዲህ ልቀቁኝ! እህቷ እኮ ገና አልሰማችም፤ ከበሩ ውጭ ድንጋዩ ላይ ናት፣ ማንም ሳይቀድመኝ ልሩጥ።